«ኦፕሬተሩ እርምጃ ይወስዳል»፦ ሳይፈተን የሚጻፍ የዲዛይን ግምት

ውድ የሙያ ባልደረቦች፣ የምህንድስና ተማሪዎችና እንግዶቻችን፤

ዛሬ የምናገረው በየዲዛይን ሰነዱ ውስጥ ተደጋግሞ ስለሚጻፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የአደጋ ትንተና ሰንጠረዥ ስንሞላ «ይህ ክፍል ቢበላሽስ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሲያጥረን እጃችን ወዲያው ወደዚህ ይሄዳል፦ «ኦፕሬተሩ ችግሩን ተገንዝቦ እርምጃ ይወስዳል»። ክፍት ቦታው ይሞላል፣ የስጋቱ ደረጃ ዝቅ ይላል፣ ወደሚቀጥለው ረድፍ እንሻገራለን።

ይህ አጭር ዓረፍተ ነገር በውስጡ አራት ነገሮችን ያዘለ ነው። ሰውየው ምልክቱን ያያል ወይም ይሰማል። ያየው ነገር ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። የሚነካው ማብሪያ ወይም የሚያዞረው መሪ ችግሩን ለማስቆም አቅም አለው። ይህ ሁሉ ደግሞ ጉዳቱ ሳይደርስ ይጠናቀቃል። ለአንድ ብሎን የጥንካሬ ምስክር ወረቀት የምንጠይቅ መሐንዲሶች ለእነዚህ አራቱ አንድም የሙከራ ውጤት ሳንጠይቅ እንፈርማለን። የሰው ምላሽ የደህንነታችን አካል ሆኖ ከተቆጠረ፣ ከብረቱና ከሶፍትዌሩ እኩል መለኪያ ሊወጣለትና ሊፈተን ይገባል። ዛሬ ላሳምናችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው።

ልባችንን ከሰበረው እንጀምር። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2፡38 ላይ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከስድስት ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ የ157 ሰዎች ሕይወት አለፈ። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የላየን ኤር በረራ 610 ከጃካርታ ተነሥቶ ባሕር ውስጥ ገብቶ 189 ሰዎች አልቀው ነበር። ሁለቱም አውሮፕላኖች ቦይንግ 737 ማክስ 8 ነበሩ።

በማክስ ላይ የተገጠሙት ሞተሮች ከቀድሞዎቹ ይተልቃሉ፤ የተቀመጡትም ከክንፉ ወደ ፊትና ወደ ላይ ገፋ ብለው ነው። በዚህ ምክንያት የአውሮፕላኑ አፍንጫ በጣም ቀና ሲል በመሪው ላይ የሚሰማው ክብደት ይቀላል። ይህን ለማካካስ ኤምካስ የተባለ ሶፍትዌር ተጨመረ። ሥራው ስታቢላይዘር የሚባለውን የጅራት አግድም ክንፍ በማዞር አፍንጫውን ወደ ታች መግፋት ነው። መጀመሪያ ሲታሰብ በአንድ ጊዜ እስከ 0.6 ዲግሪ ብቻ ያዞር ነበር፤ ለመነሣትም ሁለት የተለያዩ መረጃዎች ማለትም የክንፉ የአየር ማዕዘንና የጂ ኃይል (አውሮፕላኑ ሲታጠፍ ወይም ሲቀና የሚሰማው ጫና) መጠን አብረው መሟላት ነበረባቸው። በሙከራ በረራዎች ወቅት በዝቅተኛ ፍጥነትም እንዲሠራ ሲወሰን መጠኑ ወደ 2.5 ዲግሪ አደገ፣ የጂ ኃይሉ ቅድመ ሁኔታ ተነሣ፣ ውሳኔው በአንድ የማዕዘን ሴንሰር ላይ ብቻ ቀረ። አውሮፕላኑ ግን በግራና በቀኝ ሁለት ሴንሰሮች ነበሩት።

በደህንነት ትንተናው ውስጥ የተቀመጠው ግምት ኤምካስ ያለ አግባብ ቢነሣ አብራሪው በአራት ሰከንድ ገደማ ውስጥ ምላሽ ይሰጣል የሚል ነበር። ይህ ግምት በኩባንያው ውስጥም ተቃራኒ ማስረጃ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የኩባንያው የሙከራ አብራሪ በሲሙሌተር ውስጥ ምላሽ ለመስጠት ከ10 ሰከንድ በላይ ፈጅቶበት ነበር፤ ውጤቱንም አውዳሚ ብሎ መድቦታል። በሲሙሌተር የተካሄዱት የማረጋገጫ ሙከራዎች ደግሞ ስታቢላይዘሩ በራሱ ሲዞር ምን እንደሚሆን ብቻ የሚያሳዩ ነበሩ። ሴንሰሩ ሲበላሽ ከዚያ ጋር አብረው የሚመጡት ሌሎች ማስጠንቀቂያዎች በሙከራው አልተካተቱም። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 ያወጣው ሪፖርት ዋና ትችቱ ይህ ነበር።

በበረራ 302 ላይ የሆነውን ተመልከቱ። አውሮፕላኑ ከመሬት እንደተነሣ የግራው ሴንሰር 74.5 ዲግሪ አሳየ፤ የቀኙ 15.3 ላይ ነበር። ወዲያው የግራው መሪ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ይህ ክንፉ አውሮፕላኑን የመሸከም ኃይሉን ሊያጣ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ሲሆን እስከ መጨረሻው ገደማ አላቆመም። የግራና የቀኝ የፍጥነትና የከፍታ ንባቦች ተለያዩ። ፍላፑ (ለመነሻ የሚዘረጋው የክንፍ ተቀጥላ) ሲታጠፍ ኤምካስ ተነሥቶ ለዘጠኝ ሰከንድ ያህል አፍንጫውን ወደ ታች ገፋ። ከፍታ እየቀነሱ መሆኑን የሚናገር የድምፅ ማስጠንቀቂያ ተከተለ፤ ቆይቶም የፍጥነት ወሰን ማለፍን የሚያመለክት ሌላ ድምፅ ተጨመረ። አብራሪዎቹ በዚህ ሁሉ መሀል ከመጀመሪያው የኤምካስ ትእዛዝ 35 ሰከንድ ገደማ በኋላ የስታቢላይዘሩን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጠውን ማብሪያ ዘጉ። ያን የመሰለ ሁከት በሞላበት ክፍል ውስጥ ይህ ዘገምተኛ ምላሽ አይደለም። የሚያስፈልገው ጊዜ ግን አልፎ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ክፍል ለዲዛይን ሰው ከሁሉም ይበልጥ ትምህርት አለው ብዬ አምናለሁ፤ ስለ መቆጣጠሪያዎቹ ነውና። በቀደሙት 737 ሞዴሎች ሁለቱ የማቋረጫ ማብሪያዎች ሥራቸው የተለያየ ነበር፦ አንዱ አውቶማቲኩን፣ ሌላው አብራሪው በአውራ ጣቱ የሚያዝበትን ኤሌክትሪክ ያቋርጣል። በማክስ ላይ ግን የትኛውም ቢዘጋ ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ አጥፊውን ሶፍትዌር ለማቆም የፈለገ አብራሪ ረዳቱን ሞተርም ያጣል። የሚቀረው በእጅ የሚዞረው ጎማ ነው፤ ነገር ግን አውሮፕላኑ በከፍተኛ ፍጥነት ሲበርና ስታቢላይዘሩ ወደ ታች አዘንብሎ ሳለ የአየሩ ግፊት ጎማውን ለሰው ጉልበት የማይበገር ያደርገዋል። ረዳት አብራሪው ጎማው እንደማይሠራ ተናግሯል። በመጨረሻ ኤሌክትሪኩ ተመለሰ፤ ኤምካስም ዳግም ተነሣ።

ሌላም አለ። ቀድሞ አብራሪው መሪውን በኃይል ወደ ኋላ ሲስብ አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋው ትሪም (የስታቢላይዘሩ መዞር) በራሱ ይቆም ነበር። ኤምካስ የተሠራው አብራሪው መሪውን እየሳበ ባለበት ሁኔታ እንዲሠራ ስለሆነ ይህ መከላከያ በእርሱ ላይ እንዳይሠራ ተደርጓል። ለዓመታት በ737 የሠራ ሰው እጁ የለመደው መፍትሔ ሳይነገረው ተወሰደበት፤ ኤምካስ በአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ አልተጻፈም ነበር። የሁለቱ ሴንሰሮች ንባብ ሲለያይ ሊበራ የሚገባው ማስጠንቀቂያም በአብዛኞቹ አውሮፕላኖች ላይ አይሠራም ነበር፤ በተጨማሪ ክፍያ ከሚገዛ የማሳያ አማራጭ ጋር ተያይዞ ስለነበር።

የኢትዮጵያ የመጨረሻ የምርመራ ሪፖርት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ሲወጣ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪ ተቋማት የበረራ ሠራተኞቹ አሠራር በበቂ አልተተነተነም ብለው አስተያየት ሰጥተዋል። ከሚነሡት ነጥቦች አንዱ የሞተሩ ኃይል ከመነሻው መጠን አለመቀነሱ ነው። ይህን ነጥብ በቅንነት ልንወስደው ይገባል፤ ፍጥነቱ ባያድግ ኖሮ የእጅ ጎማው ይቀል ነበር። ሆኖም ለዲዛይነር ጥያቄው አይዘጋም። መሪ የሚንቀጠቀጥበት፣ ሁለት ዓይነት ፍጥነት የሚያነብና አፍንጫው በራሱ የሚወርድበት ሰው ትኩረቱ የት እንደሚሆን አስቀድሞ መፈተን የነበረበት ማን ነው?

እርማቱ ራሱ ምን ጎድሎ እንደነበር ይናገራል። ማክስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 በአሜሪካ እንደገና እንዲበር ሲፈቀድ ኤምካስ ሁለቱንም ሴንሰሮች ያነጻጽራል፤ ልዩነቱ ከ5.5 ዲግሪ ካለፈ አይሠራም። በአንድ ክስተት አንድ ጊዜ ብቻ ይነሣል። አብራሪው በመሪው ብቻ ሁልጊዜ ሊያሸንፈው የሚችል መጠን ተወስኖለታል። የሲሙሌተር ሥልጠናም ግዴታ ሆኗል።

አሁን ወደ ሌላ የብልሽት ዓይነት ልውሰዳችሁ፤ ማሽኑ ለሰው የሚነግረው ነገር እውነት ሳይሆን ሲቀር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 28 ቀን 1979 በአሜሪካ ፔንስልቬንያ በሚገኘው የስሪ ማይል አይላንድ የኒውክሌር ጣቢያ አንድ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ተከፍቶ መዘጋት አቃተው። በመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ላይ ያለው መብራት ጠፋ፤ ኦፕሬተሮቹም ቫልቩ ተዘግቷል ብለው አነበቡት። መብራቱ የተያያዘው ግን ለቫልቩ ከሚላከው የኤሌክትሪክ ትእዛዝ ጋር ነበር። «ዝጋ» ተብሏል ማለቱ ነበር እንጂ መዘጋቱን አያውቅም። ውኃው ከሁለት ሰዓት በላይ ሲፈስ ቆየ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከመቶ በላይ አላርሞች ጮኹ፤ መረጃውን የሚያትመው ኮምፒውተር ወደ ኋላ ቀረ፤ የፈሰሰው ውኃ የሚጠራቀምበት ታንክ መለኪያ ደግሞ ከሰሌዳው ጀርባ ነበር። ኦፕሬተሮቹ ያላቸው ምልክት ውኃ በዝቷል የሚል ስለነበር የአደጋ ጊዜውን የውኃ አቅርቦት ቀነሱት። ከሪአክተሩ እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀለጠ።

ይህ ስህተት ዛሬም በየፋብሪካችን ሰሌዳ ላይ አለ። «ፓምፑ እየሠራ ነው» የሚለው አረንጓዴ መብራት ብዙ ጊዜ የሚወሰደው ከኮንታክተሩ (ለሞተሩ ኃይል ከሚያገናኘው ማብሪያ) ረዳት ኮንታክት ነው። ያ መብራት የሚያውቀው ኮንታክተሩ ተዘግቶ ኃይል ማገናኘቱን ብቻ ነው። የሞተሩ ገመድ ተቆርጦ፣ ኩፕሊንጉ ተሰብሮ ወይም መምጠጫው አየር ይዞ ሊሆን ይችላል፤ መብራቱ በርቶ ይቆያል። የፓምፕን ሥራ ማሳየት የፈለገ ከፓምፑ በኋላ ባለው ቧንቧ ላይ የፍሰት ስዊች ወይም የግፊት መለኪያ ያኑር። የሞተሩን አምፔር መለካትም ይረዳል፤ ባዶውን የሚዞር ፓምፕ አምፔሩ ይወርዳልና። ለቫልቭ ደግሞ በሁለቱም ጫፍ ሊሚት ስዊች (ቫልቩ ጫፍ መድረሱን የሚያመለክት ማብሪያ) ያስፈልጋል፤ አንድ ብቻ ከሆነ «አልተከፈተም» እና «ተዘግቷል» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ሁኔታዎች በስክሪን ላይ አንድ ይሆናሉ። ትእዛዙና ሁኔታው በስክሪኑ ላይ ለየብቻ ይታዩ። ቫልቩ ለመዘጋት 12 ሰከንድ የሚፈጅ ከሆነ በ15ኛው ሰከንድ ትእዛዝና ሁኔታ ካልተስማሙ አላርም ይምጣ።

ስለ አላርም ከተነሣ ጥቂት ልቆይ፤ አብዛኛው የሰውና የማሽን ግንኙነት የሚበላሸው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በዌልስ ሚልፎርድ ሄቨን በሚገኝ የነዳጅ ማጣሪያ ፍንዳታ ደረሰ። ከፍንዳታው በፊት በነበሩት 11 ደቂቃዎች ገደማ ሁለት ኦፕሬተሮች 275 አላርሞች ደርሰዋቸዋል። በሥርዓቱ ውስጥ ከተዘጋጁት አላርሞች 87 በመቶው ከፍተኛ ቅድሚያ የተሰጣቸው ነበሩ። ሁሉም አስቸኳይ ሲሆን ሰው የሚመርጥበት መስፈርት ያጣል።

ዛሬ በኢንዱስትሪው ተቀባይነት ያለው መለኪያ በመደበኛ ሥራ ላይ ለአንድ ኦፕሬተር በ10 ደቂቃ አንድ አላርም ገደማ ነው። በ10 ደቂቃ ከ10 በላይ ከመጣ ጎርፍ ይባላል፤ ያን ጊዜ ሰው እያነበበ ሳይሆን ድምፁን እያጠፋ ነው። የቅድሚያ ክፍፍሉ ወደ 80 በመቶ ዝቅተኛ፣ 15 በመቶ መካከለኛ፣ 5 በመቶ ከፍተኛ እንዲሆን ይመከራል። ለእያንዳንዱ አላርም አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ኦፕሬተሩ ይህን ሲሰማ ምን ያደርጋል? መልስ ከሌለ አላርም አይደለም፤ ወደ መዝገብ ብቻ ይሂድ። በወሰኑ ዙሪያ እየተንቀጠቀጠ በደቂቃ ሃያ ጊዜ ለሚጮኽ ታንክ መዘግየት (አላርሙ ከመጮኹ በፊት የሚጠበቅ ጊዜ) እና የመመለሻ ክፍተት (አላርሙ እንዲጠፋ ንባቡ ከወሰኑ የሚመለስበት መጠን) ይሰጠዋል። ለመነሻ ያህል ለደረጃ መለኪያ 60 ሰከንድ መዘግየትና 5 በመቶ ክፍተት፣ ለግፊት 15 ሰከንድና 2 በመቶ ይወሰዳል፤ ከዚያ በራሳችሁ ሂደት ፍጥነት ታስተካክሉታላችሁ። ፈጥኖ የሚደርስ አደጋ ባለበት ቦታ 60 ሰከንድ መዘግየት ራሱ አደጋ ነውና ሳይታሰብ እንዳይገለበጥ አደራ።

እኛ ዘንድ በተለይ ሊታሰብበት የሚገባ ሁኔታ አለ፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ። በዚያች ቅጽበት እያንዳንዱ ድራይቭ (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ)፣ እያንዳንዱ ፓምፕና መለኪያ የራሱን አላርም ይልካል፣ ኦፕሬተሩም በአንድ ገጽ የማይነበብ ዝርዝር ይቀበላል። ከሁሉ የመጀመሪያው ምልክት ተለይቶ እንዲቀመጥና ከኃይል መቋረጥ የመጡት በአንድ መልእክት ሥር እንዲሰበሰቡ ፕሮግራሙ ሲጻፍ ነው መታዘዝ ያለበት። በኋላ ማረም ይቻላል፤ ነገር ግን አቅራቢው ከሄደና የፕሮግራሙ የይለፍ ቃል አብሮት ከሄደ በኋላ ነው የሚታወሰን።

የማስጠንቀቂያ ድምፅ ራሱ ሰውን ወደ ስህተት ሊመራም ይችላል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 2009 አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ በወደቀው የኤር ፍራንስ በረራ 447፣ 228 ሰዎች በሞቱበት አደጋ፣ የሚለካው ፍጥነት ከ60 ኖት በታች ሲወርድ ኮምፒውተሩ የማዕዘን መረጃውን የማይታመን ብሎ ስለሚጥለው፣ ክንፉ የመሸከም ኃይሉን አጥቷል የሚለው የድምፅ ማስጠንቀቂያ ዝም ይል ነበር። አብራሪው አፍንጫውን ዝቅ ሲያደርግ፣ ማለትም ትክክለኛውን ሲያደርግ፣ ፍጥነቱ ከ60 አልፎ ጩኸቱ ይመለሳል። መሪውን ወደ ኋላ ሲስብ ደግሞ ዝም ይላል። እያንዳንዱ የሶፍትዌር መስመር ለብቻው ሲታይ ምክንያታዊ ነው፤ ሰውየው ወንበሩ ላይ ሆኖ የሚቀበለው ምላሽ ግን የተገለበጠ ነው። ይህን የሚያወጣው የኮድ ምርመራ ሳይሆን ሰው ያለበት ሙከራ ነው።

ታዲያ ሙከራው እንዴት ይሠራል? ከአደጋ ትንተናው ውስጥ «ኦፕሬተሩ» የሚል ቃል ያለበትን ረድፍ ሁሉ አውጡና ለብቻ ሰንጠረዥ ሥሩለት። በእያንዳንዱ ረድፍ ምን ምልክት እንደሚመጣ፣ በዚያው ጊዜ ምን ሌሎች ምልክቶች አብረው እንደሚመጡ፣ የትኛውን መቆጣጠሪያ እንደሚነካ፣ ስንት ጉልበት እንደሚጠይቅና ጉዳቱ እስኪደርስ ስንት ሰከንድ እንዳለ ጻፉ። የሁለተኛው ዓምድ ባዶ መቅረት ነው ማክስን የጎዳው። ከዚያ ስክሪኖቹን በእውነተኛ መጠናቸው በወረቀት አትማችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ኦፕሬተሮችን ጥሩና ብልሽቱን እየነገራችሁ ጣታቸው የት እንደሚሄድ ተመልከቱ። ይህ የወረቀት ዋጋ ብቻ ያለው ሥራ ነው፤ ሰሌዳው ሳይበየድ፣ ኬብሉ ሳይሳብ በፊት መደረግ አለበት።

ሲሙሌተር ወይም የሙከራ ፕሮግራም ሲደርስ ተፈታኞቹ ከዲዛይን ቡድኑ ውጭ ይሁኑ፤ የትኛው ብልሽት እንደሚመጣም አይነገራቸው። ብልሽቱን ከእነ መዘዙ ሁሉ አስገቡ፤ አንድ ሴንሰር ሲበላሽ በእርሱ ላይ የሚመኩት ንባቦች ሁሉ አብረው ይበላሹ። ሦስት ቅጽበቶችን መዝግቡ፦ ልብ ያሉበትን፣ መጀመሪያ የነኩበትን፣ ትክክለኛውን ያደረጉበትን። ለዲዛይን የሚወሰደው አማካዩ ሳይሆን የዘገየው ሰው ነው። ያለው ጊዜ የዘገየው ሰው ከወሰደው ቢያንስ እጥፍ ካልሆነ ያ ተግባር ለሰው ሊሰጥ አይገባም ብዬ አምናለሁ፤ ኢንተርሎክ (አደጋውን ያለ ሰው በራሱ የሚያግድ ሥርዓት) ይሥራው፣ ወይም ሂደቱ እንዲዘገይ ይደረግ።

ከውጭ ለሚገዛ መሣሪያ ይህ ሁሉ በጨረታ ሰነድ ውስጥ ካልገባ አይገኝም። ወደ አምራቹ ፋብሪካ ለርክክብ ሙከራ የሚላከው ቡድን ውስጥ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ኦፕሬተሮች ይኑሩበት፤ የተለመደው ግን ኃላፊዎች ብቻ ሄደው መፈረማቸው ነው። የቀለሞቹም ጉዳይ ቀድሞ ይቆረጥ። በብዙ የማከፋፈያ ጣቢያዎች ቀይ ማለት ብሬከሩ ተዘግቶ ኃይል አለ ማለት ሲሆን፣ በዚያው ግቢ ውስጥ ባለ የሞተር ሰሌዳ ላይ ቀይ ቆሟል ማለት ሊሆን ይችላል። ከሁለት አገር የመጡ ሁለት ሰሌዳዎችን በአንድ ፈረቃ የሚይዝ ሰው በእጁ ሕይወት አለ።

ሰዓትም እንዲሁ። የስክሪኑ መዝገብ 02:00 ይላል፤ ኦፕሬተሩ በፈረቃ መረካከቢያው ላይ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብሎ ይጽፋል፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የገባው ሰው የትኛውን 2 እንደሆነ ይገምታል። የስድስት ሰዓት ስህተት የብልሽትን ቅደም ተከተል ሙሉ በሙሉ ይገለብጣል። ስክሪኑ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ያሳይ፣ ወይም የመረካከቢያ ቅጹ የትኛው እንደሆነ አትሞ ያስገድድ። ሰው ከሁሉ ይበልጥ የሚደክመው ከሌሊቱ 8 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ የስሪ ማይል አይላንዱም አደጋ የጀመረው እዚያ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነበር። ስለዚህ ከሙከራዎቹ ቢያንስ አንዱ በዚያ ሰዓት ይደረግ።

በመጨረሻ ስለ ለውጥ። የኤምካስ መጠን ከ0.6 ወደ 2.5 ሲያድግ በአብራሪው ምላሽ ላይ የተመሠረተው ግምት እንደገና በአግባቡ አልተፈተነም። በእናንተም ሥርዓት ውስጥ ማንም ሰው የአላርም ወሰንን፣ የቫልቭ ፍጥነትን ወይም የአውቶማቲኩን ሥልጣን ሲቀይር የለውጥ ቅጹ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ ይህ ለውጥ ከኦፕሬተሩ ሰንጠረዥ የትኛውን ረድፍ ይነካል? የሚነካ ካለ ያ ረድፍ በሙከራ እስኪታደስ ድረስ ለውጡ ወደ ማሽኑ አይጫንም፤ ቅጹም ላይ ከመሐንዲሱ ፊርማ ጎን የፈረቃ ኃላፊው ፊርማ ይኑር።